«ወጣቱ ርካሽ ካገኘ አይጠይቅም» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ባሕር ዳር ውስጥ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ለኔም የላኩልኝ ሰዎች «እውነታቸውን ነው» እያሉ ነው የላኩልኝ። የሚያወራው ስለ ዘመኑ ወጣትና ስለ ንግድ ነው። ላላነበባችሁት በአጭሩ እንዲህ ይላል። የዛሬ ወጣት ርካሽ ካገኘ ዕቃው ከየት መጣ ብሎ አይጠይቅም። ሲታለል አቤት አይልም። የሚበላው ዓሣ በክልክል መረብ ይያዝ፣ በብርብራ ዛፍ ፍሬ ይመረዝ ግድ የለውም። ጣናን በፌስታል እየሞላው ነው። አቋራጭ ሀብት ያመልካል። የድሮ ነጋዴና የድሮ ሸማች ግን ፈሪሃ እግዚአብሔር ነበራቸው። መፍትሔው ደግሞ ወጣቱን ግብረ ገብ ማስተማር ነው።

ጸሐፊው ለከተማቸው የሚቆረቆሩ ሰው እንደሆኑ ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። ይሄን አከብራለሁ። እኔ ግን ውሎዬ ከወጣቶች ጋር ነው፤ አብሬያቸው እገዛለሁ፣ አብሬያቸው እከራከራለሁ፣ የማየው ነገር እሳቸው ከጻፉት ጋር አይገጥምም። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልመልስ።

«ወጣቱ የሚያየው ዋጋ ብቻ ነው» ይላሉ። አዎ፣ ዋጋ ያያል። ምን ያድርግ? በ2014 ዓ.ም. የሀገሪቱ የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከውጭ የሚገባው ዕቃ እንደገና ዘለለ። በዚህ ላይ የኛ ክልል መንገድ በተዘጋ ቁጥር የሚጨመረው አለ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ለሚማር ልጅ ከገጠር የሚላክለት ብር ግን በዚያ ልክ አልጨመረም። እናቶቻችን ቅዳሜ ገበያ ከመደብ መደብ እየዞሩ ቲማቲም ሲያማርጡና ሲከራከሩ ማንም ሕሊና የላቸውም ብሎ አያውቅም። ልጆቻቸው ያንኑ ሲያደርጉ ምን ተገኘ?

ይሄ ግን ትንሹ ነገር ነው። ትልቁ፣ በትክክለኛው መንገድ መግዛት የሚፈልግ ሰው በዚህ ከተማ የሚቀጣ መሆኑ ነው። ስልክ፣ ጫማ፣ የቤት ዕቃ ልትገዙ አንድ ደህና ሱቅ ግቡ። ዋጋ ትጠይቃላችሁ። ባለሱቁ መልሶ ይጠይቃችኋል፦ «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» ልዩነቱ 15 በመቶ ነው፣ ቫቱ ማለት ነው። ሕግ አክብሬ ልግዛ ያለው ልጅ 15 በመቶ ይጨምራል፤ ዝም ያለው ይቀንስለታል። ይሄን ምርጫ ወጣቱ አላመጣውም። ባንኮኒው ላይ ተዘጋጅቶ ነው የጠበቀው።

አሁን ሕጉን እንይ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የሚባል አዋጅ አለን። ነጋዴው ዋጋውን በግልጽ በሚታይ ቦታ እንዲለጥፍ ያስገድዳል፣ ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ዕቃ አይቶ ወይም ዋጋ ተከራክሮ ያልገዛ ሰው «ካልገዛህ ለምን ነካካህ» ተብሎ እንዳይገደድም ይከላከልለታል። የገዛው ዕቃ ጉድለት ከተገኘበት ደግሞ በ15 ቀን ውስጥ ይለወጥልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ ማለት ይችላል። ጥሩ ሕግ ነው። ግን መግዛቱን በምን ያስረዳል? በደረሰኝ። ደረሰኙን ለቫቱ ቅናሽ ብሎ ያስቀረው ልጅ መብቱንም አብሮ አስቀርቷል፤ ያንን ደግሞ ሲገዛ ማንም አልነገረውም።

የእህቴ ልጅ ቻርጀር ገዝታ የደረሰባትን ልንገራችሁ። በሁለተኛው ቀን ሶኬቱ ላይ እንዳለ ጋለ፣ ፕላስቲኩ ቀለጠ፣ ክፍሉ ሁሉ ሸተተ። ይዛው ተመለሰች። ያው የሸጠላት ልጅ ቆሟል። «ከኛ ለመግዛትሽ ደረሰኝ አለሽ?» አላት። የገዛች ቀን «ለምን ለመንግሥት ትከፍያለሽ» ብሎ ያለ ደረሰኝ እንድትወስድ ያግባባት እሱ ነው። እሷ ተከራከረች፣ የቀለጠውን አሳየች፣ በቴሌብር የከፈለችበትን መልእክት አወጣች። ገንዘቡ የተላከው በሱቁ ስም አልነበረም፤ በአንድ ግለሰብ ስልክ ነው። ባዶ እጇን ወጣች። ጸሐፊው ይቺን ልጅ ከሩቅ ቢያዩአት «ርካሽ ወዳድ» ነው የሚሏት። እኔ የማያት በግልጽ የተቀማች ሰው አድርጌ ነው።

ወደ ሁለተኛው ክስ ልለፍ። «ወጣቱ ሲታለል አቤት አይልም።» ይሄ ላይ ጸሐፊው የወጣቱን አቤቱታ የፈለጉት የተሳሳተ ቦታ ይመስለኛል። ቢሮ ሄዶ ማመልከቻ ሲያስገባ ካላዩት ዝም ያለ ይመስላቸዋል። የዛሬ ልጅ ሲታለል መጀመሪያ ስክሪንሾት ነው የሚያነሳው። የሻጩን ቻናል፣ የላከበትን አካውንት፣ ይደርስሃል የተባለውንና የደረሰውን ጎን ለጎን አድርጎ ጓደኞቹ ያሉበት ሁሉ ይለጥፈዋል። «እንዳትሸወዱ» ይላል። ይሄ አቤቱታ ነው። ሕጋዊ ውጤት ላይኖረው ይችላል፣ ነገር ግን ሌላ ሰው እንዳይታለል ብሎ ጊዜውን የሚሰጥ ትውልድ ግድ የለሽ አይባልም።

«ዋጋ በኢንቦክስ» የምትለዋን ነገር ውሰዱ። የቴሌግራም ሱቆች በሙሉ ማለት ይቻላል ዋጋ አይጽፉም ነበር። ጫማው ፎቶው አለ፣ ቁጥሩ አለ፣ ዋጋው የለም። በውስጥ ስትጠይቁ ፕሮፋይላችሁ ታይቶ ነው የሚነገራችሁ፤ ለአንዱ አንድ ዋጋ፣ ለሌላው ሌላ። ይሄን የተቃወመው ማነው? ወጣቱ ነው። ከያንዳንዱ ፎቶ ሥር «ዋጋውን እዚሁ ጻፉት» እያለ የሚወተውተው እሱ ነው። ዋጋውን በግልጽ መጻፍ የጀመሩት ሻጮችም ብዙዎቹ ከሱ እኩዮች ናቸው፣ ደንበኛም እያገኙበት ነው። ከነሐሴ 2015 በኋላ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ሲቋረጥ እነዚህ ልጆች ሥራቸው በአንድ ቀን ቆመ። ያን ጊዜ ከያንዳንዱ ደንበኛ የተቀበሉትን ቀብድ ቤት ለቤት እየዞሩ የመለሱ አውቃለሁ። ያልመለሱም አሉ። ሁለቱም ወጣቶች ናቸው፤ ጸሐፊው ግን የሚያዩት ያልመለሱትን ብቻ ነው።

ፊት ለፊት ስለመጠየቅም ከተነሳ ይሄን ልጨምር። አንድ የማውቃት የፖሊ (የዩኒቨርሲቲው የቴክኖሎጂ ግቢ) ተማሪ ሐይቁ ዳር ዓሣ ስትገዛ አብሬያት ነበርኩ። ሻጩ ፊሌቶውን ሚዛኑ ላይ ሊጥል ሲል «ቆይ» አለችው። ከቦርሳዋ ያልተከፈተ የግማሽ ሊትር ውሃ አወጣችና ሚዛኑ ላይ አቆመችው። ግማሽ ሊትር ውሃ ከነጠርሙሱ 500 ግራምን ጥቂት ቢያልፍ ነው። የሚዛኑ ቀስት 600ን አልፎ ቆመ። አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። ጠርሙሱን እዚያው እንዳለ ትታ ሻጩን አየችው። ሻጩም ምንም ሳይል ከኋላው ሌላ ሚዛን አወጣ። ወረፋ ይጠብቁ የነበሩት እናቶች ሳቁ፣ አንደኛዋ «ልጄ፣ ይቺን ውሃሽን ለኔም አበድሪኝ» አሏት። እኚያ እናት ለስንት ዓመት በዚያ ሚዛን ሲገዙ እንደኖሩ እንጃ።

አሁን ወደ ዓሣው ልምጣ። ጸሐፊው ከሁሉም በላይ የተቆጡት እዚህ ላይ ነው፣ እኔም ብዙ የምለው እዚህ ላይ ነው።

ያሉት ችግር እውነት ነው። ጣና ውስጥ ነጭ ዓሣ የምንለው አንድ ዓይነት አይደለም፤ ከአሥር የሚበልጡ ዝርያዎች አሉት፣ ብዙዎቹ በዓለም ላይ ከጣና በስተቀር የትም የሉም። ብዙዎቹ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ እንቁላላቸውን ሊጥሉ ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭ፣ ወደ ግልገል ዓባይ ይወጣሉ። አጥማጁ ይሄን ያውቃል። ወንዙ ሐይቁን ከሚገናኝበት አፍ ላይ መረብ ይዘረጋና እናቲቱን ከነእንቁላሏ ይይዛል። ብርብራ ወቅጦ ወንዝ ላይ መበተንም የነበረና ያለ ነገር ነው፤ ትልቁም ትንሹም ዓሣ ደንዝዞ ይንሳፈፋል። ሞኖፊላመንት የሚሉት ቀጭን የናይለን መረብ ደግሞ ዓይኑ ጠባብ ስለሆነ ጫጩቱን ሳይቀር ያነሳል፣ ተቀዶ ውሃ ውስጥ ሲቀርም ዓሣ መግደሉን አይተውም። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ቆይቷል። መረቡ ግን ዛሬም ይገዛል፣ ዛሬም ይዘረጋል።

እስከዚህ ከጸሐፊው ጋር ነኝ። የምለያየው «ወጣቱ ግድ ስለሌለው ነው» ሲሉ ነው።

መጀመሪያ ዓመቶቹን እንመልከት። በጣና ላይ በሞተር ጀልባ የሚሠራ የመረብ ዓሣ ማስገር የተጀመረው በ1978 ዓ.ም. ገደማ ነው። ተመራማሪዎች ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ገደማ ባለው ጊዜ የጣናን ነጭ ዓሣ ሲለኩ በሦስት አራተኛ ያህል ቀንሶ ነው ያገኙት። በሦስት አራተኛ! ዛሬ የ22 ዓመት ልጅ ያን ጊዜ አልተወለደም። ያን ዓሣ የያዘው፣ ያመላለሰው፣ የሸጠው፣ የበላው ጸሐፊው «ፈሪሃ እግዚአብሔር ነበረው» የሚሉት ትውልድ ነው። እነሱን ለመውቀስ አይደለም የማነሳው፤ ልጆቻቸውን ማሳደግ፣ ከተማውን መመገብ ነበረባቸው። ነገር ግን የአባትን ዕዳ ለልጅ አስረክቦ «አንተ ነህ ያጠፋኸው» ማለት ደግ አይደለም።

ቀጥሎ፣ ሸማቹ ምን ያያል? ታንኳው ዳር ደርሶ ዓሣው ከነሙሉ አካሉ ሲወርድ ያየ ሰው ቀረሶውን ከአምባዛው፣ አምባዛውን ከነጭ ዓሣው ይለያል። ከዚያ በኋላ ጭንቅላቱ ይቆረጣል፣ ቆዳው ይገፈፋል፣ ፊሌቶ ይሆናል። ምግብ ቤት ሲደርስ ደግሞ ዝርዝሩ ላይ የሚጻፈው «ዓሣ ጉላሽ» ነው፣ «ዓሣ ጥብስ» ነው። የምን ዓሣ? ከየት? በምን የተያዘ? አስተናጋጁን ብትጠይቁት እሱም አያውቅም፣ ለሱም የነገረው የለም። መረጃው ገና ሐይቁ ዳር ተቆርጦ የቀረ ነገር ነው። ሸማች የማያውቀውን ነገር መርጦ አይገዛም፣ ስለዚህ በምርጫው ሊፈረድበት አይገባም።

መረጃው ያላቸው ልጆችስ? አንድ ዘንዘልማ ግቢ ግብርና የሚማር ልጅ አውቃለሁ። ክረምት ላይ ነጭ ዓሣ አይበላም። ቤተሰቡንም አስቁሟቸዋል፤ «እስከ ኅዳር ቀረሶ ግዙ» ይላቸዋል። መጀመሪያ እናቱ «አንተ ደግሞ፣ ዓሣ ዓሣ ነው» ብለውት ነበር። አንድ ቀን ነጭ ዓሣ ገዝቶ ሆዷን ፊታቸው ከፈተው። ከዳር እስከ ዳር እንቁላል ነበር። ከዚያ ወዲህ ገበያ ሲሄዱ እሳቸው ራሳቸው ሻጮቹን «እንቁላል ያዘለች ናት?» እያሉ ይጠይቃሉ።

ፌስታሉን በፍጥነት ልለፈው። አዎ፣ ወጣት ይጥላል፤ ሽማግሌም ይጥላል። ስሱ ፌስታል፣ ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጠው፣ እንዳይመረትና ወደ ሀገር እንዳይገባ በ1999 ዓ.ም. በወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ተከልክሎ ነበር። ከዚያ በኋላም በየሱቁ በነጻ ሲታደል ነው ያደግነው። በ2017 ዓ.ም. ፓርላማው እንደገና አዲስ እገዳ አወጣ። እስቲ አሁን እናያለን። ከከተማችን ቱቦዎች ሳይጣራ ወደ ሐይቁና ወደ ዓባይ የሚወርደው ፍሳሽ ግን በጽሑፉ ውስጥ አንድም ቦታ አልተነሳም። እንቦጭ የሚፋፋው በዚህና ከእርሻ ታጥቦ በሚገባው ማዳበሪያ ነው። ፍሳሹን የሚለቀው ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ሳይጠየቅ፣ ኮዳ የጣለው ተማሪ በስም ይጠራል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚባለው ይሄ ነው። እንቦጭ ጣና ላይ በ2004 ዓ.ም. ገደማ ከታየ በኋላ ደንቢያና ፎገራ ዳር ወገባቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው ሲነቅሉ የነበሩት እነማን ነበሩ? ገበሬዎቹና ወጣቶች ናቸው። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በተጀመረው ዘመቻም እነሱ ነበሩ።

አቋራጭ ሀብት የሚለው ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት አላቸው፤ ይሄን መካድ አልፈልግም። «ቪዲዮ ላይክ እያደረጋችሁ ገንዘብ ሥሩ» የሚሉ መተግበሪያዎች፣ «ሦስት ሰው ብታመጣ እንዲህ ታገኛለህ» የሚሉ ስብሰባዎች ብዙ ልጅ በልተዋል። ብሩን ያስገባው ልጅ ጓደኛውን ያስገባል፣ ጓደኛው አክስቱን፣ አክስቱ የዕቁብ ብሯን። ከዚያ አንድ ቀን ይዘጋል። ያስገባውም የገባውም ያለቅሳል፣ ዝምድናም ጓደኝነትም ይበላሻል። እዚህ ላይ ወጣቱ «ይሄ ብር ከማን ኪስ ነው የሚመጣልኝ?» ብሎ ራሱን መጠየቅ አለበት፤ ካልጠየቀ ተወቃሽ ነው። ይሄን ለራሴ ወገኖችም ፊት ለፊት እላቸዋለሁ።

ነገር ግን ይሄ ዓይነቱ ሽያጭ በዚያው በ813 አዋጅ የተከለከለ ነው። ስብሰባው ደግሞ በጨለማ አይደለም የሚደረገው። የታወቀ አዳራሽ ተከራይተው፣ ባነር ሰቅለው፣ ሱፍ ለብሰው በጠራራ ፀሐይ ነው የሚሰበስቡት። መድረኩ ላይ የሚቆሙት አብዛኛውን ጊዜ ጎልማሶች ናቸው። ፈቃዳቸውን የጠየቀ አለ? የሃያ ዓመት ልጅ «የተከለከለ ቢሆን ኖሮ እዚህ አዳራሽ ይፈቀድላቸው ነበር?» ብሎ ማሰቡ ሞኝነት ሊሆን ይችላል። ሕሊና ማጣት ግን አይደለም።

የድሮ ነጋዴ ሐቀኛ ነበር የሚለውን ብዙ አልሄድበትም። ሐቀኛ ነበረ፣ አሁንም አለ። ቅቤ ውስጥ ሙዝ፣ በርበሬ ውስጥ የሸክላ ዱቄት፣ ማር ውስጥ ስኳር መጨመር ግን ቲክቶክ ያመጣው አይደለም። አየር በአየር የሚለውን ቃልም የዛሬ ልጆች አልፈጠሩትም።

የመጨረሻው፣ መፍትሔ ያሉት ነገር ነው። «ግብረ ገብ ይማሩ።» ተምረዋል እኮ! እነዚህ ልጆች ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ከታች ክፍል ጀምሮ እስከ ሁለተኛ ደረጃ ተምረዋል፣ ዩኒቨርሲቲ ገብተውም የመጀመሪያ ዓመት ላይ እንደገና ወስደውታል። ሐቀኝነት ምን እንደሆነ ብትጠይቋቸው ከነፍቺው ይነግሯችኋል። የቸገራቸው ክፍል ውስጥ የተማሩትን ይዘው ሲወጡ «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» የሚል ባንኮኒ የሚጠብቃቸው መሆኑ ነው። ለባለ ባንኮኒው ማን ያስተምረው? የጽሑፉ አንድም ዓረፍተ ነገር ለሱ አልተጻፈም።

ስለዚህ ለጸሐፊው አንድ ልመና አለኝ፣ በአክብሮት ነው። የሚቀጥለውን ጽሑፍዎን ለከተማችን ንግድ ጽሕፈት ቤት ያድርጉት። ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ ማንም ሸማች የገዛውን መልሶ የሚመዝንበት አንድ የተረጋገጠ ሚዛን ይቀመጥለት። ዓሣ የሚሸጥበት ቦታ ሁሉ፣ ምግብ ቤቱም ጭምር፣ ቀረሶ ይሁን አምባዛ ወይም ነጭ ዓሣ በስሙ ይጻፍ፤ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ነጭ ዓሣ ከወንዝ አፍ እንዳይመጣ ዓሣው ከጀልባ ሲወርድ ይታይ። ሁለት ዋጋ የሚጠራ ሱቅ ይጠየቅ። ከፔዳና ከፖሊ በር ላይ ቆሞ ፊርማ ማሰባሰብ ካስፈለገ ልጆቹ ዝግጁ ናቸው፤ ጠይቄያቸዋለሁ።